ከርነል የሚናገርበት አፍ

ምግብ ሲያንቅ በውሃ ይወራረዳል፤ ውሃው ራሱ ሲያንቅስ? የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠሪዎች ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው የሚኖሩት። ተራ ፕሮግራም ሲበላሽ ምን እንደገጠመው የሚነግረን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሲበላሽ ግን ከእሱ በታች ሆኖ የሚናገርለት የለም። ራሱ መናገር አለበት፤ የሚናገርበትም አፍ ኮንሶል ይባላል። ኮምፒዩተር ሲነሳ በጥቁር ስክሪን ላይ እየተንደረደሩ የሚያልፉት ነጭ መስመሮች ከዚህ አፍ የሚወጡ ናቸው።

ቀላሉን መንገድ እናስቀድም። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ የቀለም ካርድ በሚሞሪው ላይ የራሱ ቦታ ተሰጥቶት ነበር፤ መነሻ አድራሻው 753,664 ነው። በ1987 የመጣው የቪጂኤ ካርድም ያንኑ አድራሻ ወረሰ። ስክሪኑ በ80 ዓምድና በ25 መስመር 2,000 ፊደል ይይዛል። ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ተመድቧል፤ አንዱ ለፊደሉ ቁጥር፣ ሌላው ለቀለሙ። በዚያ አድራሻ ላይ 65 ብለው ቢጽፉ የላቲኑ ትልቁ «ኤ» ወዲያው ከላይ በግራ ጥግ ብቅ ይላል። ድራይቨር የለ፣ ፈቃድ የለ። ከርነል መጻፍ የሚማር ሰው የመጀመሪያ ደስታው ይህ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ደስታ አያገኝም። በዩኢኤፍአይ የሚነሱት የዛሬ ማሽኖች በአብዛኛው ይህን ትተው የነጥብ ሰሌዳ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ የፊደሉን ቅርጽ ነጥብ በነጥብ መሳል የከርነሉ ፈንታ ሆኗል።

የኛ ፊደል እዚህ ላይ ይቸገራል። የቪጂኤ ካርድ በአንድ ጊዜ የሚያውቀው 256 ቅርጽ ነው። ከቀለሙ ባይት አንዱን ቢት መሥዋዕት ካደረጉ 512 ይደርሳል። በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የተመደበለት ክልል ብቻውን 384 ቦታ ነው፤ ላቲኑን ሲጨምሩበት 256 የትም አያደርስም። ቢሆንም ለሊኑክስ ኮንሶል «ጎሃ» የተባለ የግዕዝ ፎንት ተሠርቷል። «ጪ»ን ስምንት ነጥብ በሚሰፋ ሳጥን ውስጥ ለማስገባት የሞከረ ሰው የሥራውን ክብደት ያውቀዋል። ሌላም ጣጣ አለ። በዩቲኤፍ-8 «ሀ» የምትጻፈው 225፣ 136፣ 128 በሚሉ ሦስት ባይቶች ነው። ባይት በባይት የሚያትም የዋህ ኮንሶል አንዷን ፊደል ሦስት የፈረንጅ ምልክት አድርጎ ያወጣታል።

ስክሪን የሌለው ሰርቨር ደግሞ በሲሪያል ፖርት ይናገራል። የዚህ መስመር ጠባይ የተወረሰው ከቴሌታይፕ ነው፤ በሊኑክስና በዩኒክስ «ቲቲዋይ» የሚለው ስምም ከዚያው የመጣ ነው። በቴሌታይፕ አንዱ ትእዛዝ ወረቀቱን አንድ መስመር ወደ ላይ ይገፋል፤ ሌላው ማተሚያውን ወደ ግራ ጠርዝ ይመልሳል። ጀማሪ የከርነል ጸሐፊ ሁለተኛውን ይረሳና ጽሑፉ እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ ይወርድበታል። ተራ ፕሮግራም ላይ ይህን የሚያሟላው ከርነሉ ስለሆነ ችግሩ አይታይም።

የሲሪያል ትልቁ ነውር ግን ዝግመቱ ነው። በሰከንድ 115,200 ቢት በሚልክ መስመር አንድ ፊደል 10 ቢት ይፈጃል፤ 80 ፊደል ያለው መስመር ወደ 7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። ባለ 3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር በዚያች ቅጽበት 20 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። የሊኑክስ ከርነል መልእክቱን የሚያትምበት «ፕሪንትኬ» ለረጅም ዓመታት ሲታማ የኖረው በዚህ ነበር። መልእክቱ መጀመሪያ ሚሞሪ ውስጥ ባለ ቀለበታዊ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ቀጥሎ ወደ ኮንሶል ይወጣል። ችግሩ ማን ያውጣው የሚለው ነው። አንድ መስመር ልጽፍ ብሎ የመጣው ፕሮሰሰር የሌሎቹንም የተጠራቀመ ወሬ ተሸክሞ፣ ኢንተራፕት ዘግቶ፣ ሁሉም እስኪወጣ ሊቆም ይችላል። በተቆረጠለት ቅጽበት መልስ መስጠት ላለበት ማሽን ይህ አይሆንም። ሊኑክስን ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያበቃው «ፕሪኤምፕት-አርቲ» 20 ዓመት ያህል ተደክሞበት በ2024 በቁጥር 6.12 ወደ ዋናው ከርነል ሲገባ፣ በመጨረሻ በር ላይ ይዞት የቆየው ይኸው ፕሪንትኬ ነበር። ፊደል ማተም!

መፍትሔውን በዋናነት የጻፈው ጆን ኦግነስ ነው። በ2020 መዝገቡን ያለ ሎክ እንዲሠራ አደረገው፤ ሎክ የያዘ ፕሮሰሰር እንደያዘ ቢሞት ሌላው አፉ ተለጉሞ ይቀራልና። ቀጥሎ በአዲሱ አሠራር የተጻፉ ኮንሶሎች የየራሳቸው አታሚ ክር ተመደበላቸው፤ ተናጋሪው መዝገቡ ላይ ጽፎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከርነሉ ሲወድቅ ግን ወግ ይቀራል። የሚሞተው ፕሮሰሰር ኮንሶሉን የያዘውን መጀመሪያ በሰላም ይጠይቃል። ባለቤቱ ዝም ካለ ይነጥቀዋል። ሌላ መንገድ ሁሉ ከጠፋ ደግሞ፣ መሣሪያው መሃል ላይ እንደተቋረጠ እያወቀም ቢሆን፣ ጽሑፉ ሊበላሽ እንደሚችል ተቀብሎ ይጽፍበታል።

በዚያው በ6.12 ሌላ ነገርም ተጨምሯል። ስክሪን ላይ የቀረ የሞት ቃል ኮፒ አይደረግምና፣ ከርነሉ ከተፈቀደለት ሲወድቅ መዝገቡን ጨምቆ በኪውአር ኮድ ይስለዋል፤ ስልክ ደቅኖ ማንሳት ነው።