የቤተሰብ ገቢና ወጪ በግራፍ ሲታይ

በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሁሉ አልፎ አልፎ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚል ነው። ወጪን በደብተር መመዝገብ ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የተመዘገቡት ቁጥሮች ሲበዙ የትኛው ወጪ እንደ ከበደና ጉድለቱ መቼ እንደሚመጣ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ግራፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የምናስተምረው ግራፍ በቤት ኑሮ ላይ ሲውል ምን እንደሚያሳይ፣ በተለይም ዓመቱ ተደምሮ ትርፍ ያለው ቤተሰብ ለምን በዕዳ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

የግራፍ አመጣጥ

ገንዘብን በግራፍ ማሳየት የተጀመረው ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ነው። ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን የውጭ ንግድ በመስመርና በዓምድ ግራፍ አሳየ። ወደ አገር የሚገባውንና ከአገር የሚወጣውን ዕቃ ዋጋ በሁለት መስመሮች ሲሥል፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ትርፉን ወይም ጉድለቱን አንባቢው በአንድ እይታ እንዲረዳው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1801 ደግሞ ክብ ግራፍን ለኅትመት አበቃ። ለአንድ መንግሥት ንግድ የሠራው ዘዴ ለአንድ ቤተሰብ ደመወዝም ይሠራል።

ክብ ግራፍ፦ ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ለምሳሌ ያህል በወር 9,000 ብር የተጣራ ደመወዝ የሚያገኝ ቤተሰብ በጥቅምት ወር 8,100 ብር አወጣ እንበል። ከዚህ ውስጥ ለምግብ 4,050፣ ለቤት ኪራይ 1,800፣ ለትራንስፖርት 675፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለማገዶ 540፣ ለእድርና ለማኅበራዊ ጉዳይ 360፣ ለልዩ ልዩ ወጪ 675 ብር ሆነ። አንድ ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ 8,100 ለ360 ሲካፈል እያንዳንዱ ዲግሪ 22 ብር ከ50 ሳንቲም ይወክላል። ስለዚህ ምግብ 180 ዲግሪ፣ ኪራይ 80፣ ትራንስፖርት 30፣ መብራት፣ ውሃና ማገዶ 24፣ እድርና ማኅበራዊ ጉዳይ 16፣ ልዩ ልዩ 30 ዲግሪ ይይዛሉ። ይህን በኮምፓስና በፕሮትራክተር መሣል ለማንኛውም ተማሪ ቀላል ነው።

ከሥዕሉ የምናገኘው ትምህርት ግን ከሥዕሉ ይሰፋል። የክቡ እኩሌታ ምግብ ነው። ኤርንስት ኤንግል የተባለው ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳስረዳው፣ የአንድ ቤተሰብ ገቢ ዝቅ ባለ መጠን ከወጪው ውስጥ ለምግብ የሚውለው ድርሻ ከፍ ይላል። ስለሆነም የእህል ዋጋ ሲጨምር ይበልጥ የሚጎዳው የክቡን ትልቅ ቁራጭ ለምግብ የሰጠው ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤት «ቁጠባ አያውቅም» ተብሎ ሊወቀስ አይገባም፤ የሚቆርጠው ቁራጭ ጥቂት መሆኑን ክቡ ራሱ ይመሰክራል።

መስመር ግራፍ፦ ገንዘቡ መቼ ይጎድላል?

ክብ ግራፍ የአንድ ወር ፎቶግራፍ ነው፤ የጊዜን ጉዞ አያሳይም። የእኛ ዘመን አቆጣጠር 13 ወራት ሲኖሩት የወር ደመወዝ የሚከፈለው ግን 12 ጊዜ ነው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብትሆንም ያለ ደመወዝ ትበላለች፤ ወዲያውም ዘመን መለወጫ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ መስቀልም ይከተላሉ። የዚያው ቤተሰብ የዓመት ወጪ የሚከተለውን ይመስላል እንበል። በየወሩ ከ9,000 ብር ላይ ወጪው ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ወይም ጉድለት ከቀደመው ጋር እየተደመረ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጧል።

ወር — ወጪ — የተጠራቀመ ትርፍ ወይም ዕዳ (በብር)
መስከረም — 12,300 — ዕዳ 3,300
ጥቅምት — 8,100 — ዕዳ 2,400
ኅዳር — 7,600 — ዕዳ 1,000
ታኅሣሥ — 9,700 — ዕዳ 1,700
ጥር — 8,300 — ዕዳ 1,000
የካቲት — 8,000 — 0
መጋቢት — 7,500 — ትርፍ 1,500
ሚያዝያ — 10,400 — ትርፍ 100
ግንቦት — 8,100 — ትርፍ 1,000
ሰኔ — 8,000 — ትርፍ 2,000
ሐምሌ — 8,200 — ትርፍ 2,800
ነሐሴ — 7,800 — ትርፍ 4,000
ጳጉሜን (ደመወዝ የለም) — 2,400 — ትርፍ 1,600

የዓመቱ ገቢ 108,000፣ ወጪው 106,400 ብር ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው «ይህ ቤት 1,600 ብር ይተርፈዋል» ብሎ ያልፋል። አሁን ወራቱን በአግድም መስመር፣ ብሩን በቋሚ መስመር ላይ አድርገን ሦስተኛውን ረድፍ በባለካሬ ወረቀት ላይ እንሣል። መስመሩ በመስከረም ከዜሮ በታች ይወድቃል፤ በጾም ወራት ጥቂት ቀና ብሎ በገና እንደገና ያጎነብሳል፤ ከዜሮ ጋር የሚገናኘው በየካቲት መጨረሻ ነው። ስለዚህ ትርፍ አለው የተባለው ቤት ለአምስት ወራት የሰው ገንዘብ ይዞ ይኖራል ማለት ነው።

አደጋው የሚመጣው ዕዳው ወለድ ሲኖረው ነው። ገንዘቡ ከአራጣ አበዳሪ በወር 10 በመቶ ወለድ ተወሰደ ብለን ብናሰላ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈለው ወለድ ወደ 1,500 ብር ይደርሳል፤ 1,600 የነበረው ትርፍ ወደ 100 ብር ያህል ይወርዳል። ቤተሰቡ ሳያባክንና ሳይሰንፍ የዓመቱን ትርፍ በሙሉ ማለት ይቻላል ለአበዳሪ አስረከበ። በሚቀጥለውም መስከረም ያው ጉድጓድ ይጠብቀዋል።

መፍትሔውንም ሥዕሉ ያመለክታል። ቤተሰቡ መስከረምን ያለ ዕዳ ለማለፍ በዓመቱ መጀመሪያ 3,300 ብር በእጁ ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያውን ዓመት ዕዳ ከዘመድ ያለ ወለድ ካገኘ 1,600 ብር ይተርፈዋል፤ የጎደለው 1,700 ነው። ይህም ለ12 ሲካፈል በወር 142 ብር ያህል ይሆናል። በየወሩ ይህን ያህል ተጨማሪ ቢያስቀምጥ በሁለተኛው ዓመት መስመሩ ከዜሮ በታች አይወርድም። ከአምስት ወር ዕዳና ከዕዳ ነፃ በሆነ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት በወር 142 ብር ብቻ ነበር። እቁብ የሚጥል ሰው ዳኛውን አነጋግሮ ዕጣው በነሐሴ እንዲደርሰው ቢያደርግ ይህንኑ ገንዘብ ከመባከን ይጠብቅለታል።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። የእያንዳንዱ ቤት ጉድጓድ በአንድ ወር አይደለም። ዒድ አልፈጥርና አረፋ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ፤ የሙስሊም ቤተሰብ ግራፍ በየዓመቱ እንደ አዲስ መሣል ይኖርበታል። የአርሶ አደር ቤት ደግሞ ገቢው ራሱ ከመከር ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል የገቢውም መስመር መሣል ያስፈልገዋል።

ዓምድ ግራፍና ማሳሳቻው

ሁለት ወራትን ለማወዳደር ዓምድ ግራፍ ይበቃል። ነገር ግን ቋሚው መስመር ከዜሮ መጀመሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 8,000 እና 8,100 ብርን ከ7,900 በሚጀምር ግራፍ ብንሥላቸው ሁለተኛው ዓምድ የመጀመሪያውን እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ እውነተኛው ልዩነት ግን ከመቶ አንድ እጅ ከሩብ ብቻ ነው። ተማሪ ይህን ካወቀ በማስታወቂያና በጋዜጣ የሚያየውንም ግራፍ መርምሮ ያነባል።

በክፍል ውስጥ

መምህራን ይህን ትምህርት ሲሰጡ ሦስት ነገሮችን ቢያስቡ መልካም ነው።

ሀ) ተማሪ የወላጆቹን ገቢ በክፍል ፊት እንዲናገር አይጠየቅ። ያለው ከሌለው ጋር የሚተያይበት ትምህርት አሳፋሪ እንጂ አስተማሪ አይሆንም። ከላይ እንደቀረበው ያለ የምሳሌ ቤተሰብ ለሁሉም ይበቃል።

ለ) ባለካሬ ወረቀት ባይገኝ ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ መስመር መከፋፈል ይቻላል። ዕዳ ከዜሮ በታች፣ ትርፍ ከዜሮ በላይ መሆኑ ለነጌቲቭ ቁጥሮች ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሐ) መረጃ ለመሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ከትንሽ ደብተር ሌላ ባንኮችና ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቴሌብር የሚልኩትን የስልክ መልእክት መጠቀም ይችላል፤ ቀኑንና መጠኑን ይዞለታል።

በአጠቃላይ ግራፍ ደመወዝ አይጨምርም፤ የእህልንም ዋጋ አያወርድም። ጉድለቱ ከየት ወር እንደሚመጣና ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ግን አስቀድሞ ያሳውቃል። ስፋቱ የታወቀ ጉድጓድ ይሞላል ወይም ይታለፋል፤ ያልታየው ነው ሰውን የሚጥለው። ስለዚህ እያንዳንዱ መምህር በመጪው መስከረም ሳይሆን ገና ጊዜ ሳለ የራሱን ቤት መስመር በአንድ ወረቀት ላይ ቢሥልና ዘዴውን ለተማሪዎቹ ቢያካፍል ከሒሳብ ትምህርት የሚገኘው ጥቅም ከፈተና ያልፋል።