ካምሻፍትና ሶሊድ ሊፍተር፦ የፍሩትቬሉ ድምፅ ስንት ያስከፍላል?

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን የመኪና ሞተር እንክፈት። ጉዳዩ የመካኒክ ወሬ ይመስላል እንጂ መጨረሻው ሕግ ነው፣ ኪስም ነው።

ኦክላንድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ፍሩትቬል ውስጥ ኢንተርናሽናል ቡልቫርድ ላይ የድሮ ሸቭሮሌዎች አጊጠው፣ ዝቅ ብለው፣ ቀስ እያሉ ሲያልፉ ማየት የተለመደ ነው። ከተሞች ይህን የመንሸራሸር ልማድ እንዳይከለክሉ የሚያደርግ የካሊፎርኒያ ሕግ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ከነዚህ መኪኖች አንዳንዶቹ መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተራቸው «ዱብ… ዱብ ዱብ… ዱብ» እያለ ይንገጫገጫል። ልጆቻችን ይሄን ድምፅ ወደውታል። «አባዬ፣ ያንተንም መኪና እንዲህ እናድርገው» የሚል ጎረምሳ በየቤቱ አለ። አባት ደግሞ በዚያችው መኪና ኡበር ሠርቶ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ።

ድምፁ የሚመጣው ከካምሻፍት ነው። ካምሻፍት ማለት እንቁላል መሰል ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው። ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ጉብታው በመጣ ቁጥር ቫልቩን ገፍቶ ይከፍተዋል። የጉብታው ቁመት ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈት፣ ስፋቱ ደግሞ ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል። የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ቫልቮች ለጥቂት ጊዜ አብረው የሚከፈቱበት ሰዓትም አለ።

የእሽቅድምድም ካምሻፍት ቫልቮቹን ከፍ አድርጎ ይከፍታል፣ ረጅም ጊዜ ያቆያል፣ አብረው የሚከፈቱበትንም ጊዜ ያረዝማል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ብዙ አየር ስለሚገባ ጉልበት ይጨምራል። ሚኒሞ ላይ ግን የተቃጠለው ጭስ ካዲሱ አየር ጋር ይቀላቀልና ሞተሩ በደንብ አይነድለትም። ያ የምትወዱት «ዱብ ዱብ» እሱ ነው። በሌላ አነጋገር ከታች የነበረውን ጉልበት ወስዶ ወደ ላይ ያዛውረዋል። ከመብራት መብራት ለሚሄድ ሰው መኪናው ይከብደዋል፣ ቤንዚንም ይበላል። ሞተሩ አየር የሚስብበት ኃይል ስለሚቀንስ፣ በዚያ ኃይል የሚታገዘው ፍሬን ሊደነድን ይችላል። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ተቃራኒውን ማየት ከፈለጋችሁ የብዙዎቻችሁን ፕሪየስ ተመልከቱ። የሷ ካምሻፍት የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ ሆን ብሎ አዘግይቶ ይዘጋል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ግን ይቆጥባል። ሁለቱም ሞተር ናቸው፤ ጠባያቸውን ከሚለዩት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የጉብታው ቅርጽ ነው።

አሁን ወደ ሊፍተር እንምጣ። በድሮዎቹ ሸቭሮሌዎች ጉብታው ቫልቩን በቀጥታ አይነካም። መጀመሪያ ሊፍተሩን ይገፋል፣ ሊፍተሩ ፑሽሮዱን፣ ፑሽሮዱ ሮከሩን፣ ሮከሩ ቫልቩን። ሃይድሮሊክ የሚባለው ሊፍተር ውስጡ ዘይት ስላለ ክፍተቱን ራሱ ይሞላል፤ ዝም ያለ ነው፣ ማስተካከያም አይፈልግም። ነገር ግን ዙሩ በጣም ሲበዛ ቫልቩ በትክክል እንዳይዘጋ ሊያደርግ ይችላል። ሶሊድ የሚባለው ደንዳና ብረት ነው። ከፍተኛ ዙር ይችላል፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ግን ትንሽ ክፍተት ይተውለታል። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ ይሄ እንግዳ አይሆንባችሁም። ቮልስ የነበረው ሰው ቫልቭ ማስተካከል ምን እንደሆነ ያውቃል። ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊሜትር ነበር። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችው ላዳ ታክሲም አሠራሯ ቢለይም የምትስተካከለው በዚሁ 0.15 ነው። ስለዚህ ሶሊድ ሊፍተር ሲባል አዲስ ተአምር አይምሰላችሁ፤ የቮልሱ ሊፍተርም ሶሊድ ነበር። ለእሽቅድምድም በተሠራ ካምሻፍት ግን ክፍተቱ ሰፋ ይላል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሚደርስም አለ። ትክክለኛው ቁጥር ከካምሻፍቱ ጋር በሚመጣው ካርድ ላይ ተጽፏል። ከጓደኛ የተሰማ ቁጥር አይሠራም።

እሺ፣ መኪናዬ የድሮ ነው፣ ልግጠም ላላችሁ፣ ሞተር የሚያበላሹት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ አዲስ ካምሻፍት ላይ አሮጌ ሊፍተር አይገጠምም። የሊፍተሩ ግርጌና ጉብታው አብረው ይለመዳሉ። አንዱ የተለመደውን ከሌላ ጋር ብታጋቡት ይፋጫሉ፣ ጉብታው ተልጦ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ የቫልቭ ሞላው ከካምሻፍቱ ጋር አብሮ ይቀየራል። አሮጌው ሞላ ከደከመ ቫልቩ በጊዜ አይመለስም። ቫልቩ ከፍ ብሎ ሲከፈት ሞላው ሙሉ በሙሉ ተጨፍልቆ እንዳይነካካ መለካት አለበት። ሃይድሮሊክ ከነበረ ደግሞ ሮከሩ ክፍተት ማስተካከያ ያለው መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ቫልቩ ፒስተኑን እንዳይመታ ይለካል። መካኒኮች ፒስተኑ ላይ ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር አድርገው፣ ቴስታታውን ገጥመው፣ ሞተሩን በእጅ ያዞሩና ተከፍቶ የቀረውን ውፍረት ያያሉ። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በአስገቢው ቫልቭ 2፣ በአስወጪው 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይሄን የዘለለ ሰው የታጠፈ ቫልቭ ይገዛል።

አራተኛ፣ ክፍተቱ ሲስተካከል የዚያ ሲሊንደር ሊፍተር ጉብታው ላይ መቆም የለበትም። ቀላሉ ዘዴ ይሄ ነው፦ የአስወጪው ቫልቭ መከፈት ሲጀምር አስገቢውን አስተካክሉ፤ አስገቢው ተከፍቶ ሊዘጋ ሲቃረብ ደግሞ አስወጪውን።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወሳኝ ነው። ግርጌው ጠፍጣፋ የሆነ ሊፍተር እንደተገጠመ ጉብታዎቹ ልዩ ቅባት ይቀባሉ፣ ዚንክ የበዛበት ዘይት ይደረጋል፣ ዘይቱም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት እንዲዳረስ ይደረጋል። ሞተሩ እንደተነሳ ሚኒሞ ላይ አይተውም፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በደቂቃ 2,000 ዙርና ከዚያ በላይ ይያዛል። ለምን? ጉብታው ዘይት የሚያገኘው በአብዛኛው ከክራንክሻፍቱ እየተረጨ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ቀስ ካለ ዘይቱ አይደርስም።

ይሄ ሁሉ በደንብ ተሠራ እንበል። አሁን ሕጉ ይመጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት የተሠራ የቤንዚን መኪና ስሞግ ቼክ አይጠየቅም። የ1976 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያለው ግን፣ ገና አዲስ ካልሆነ በቀር፣ በየሁለት ዓመቱ ይፈተሻል። የተቀየረ ካምሻፍት እንዲፈቀድለት የግዛቲቱ የአየር ጥራት ቦርድ ለዚያ መኪና የሰጠው የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ያልተቃጠለ ነዳጅ የሚተፋ ሞተር በድሮው የጭስ ምርመራ ይወድቃል። የ2000 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያሉት የሚፈተሹት በኮምፒውተራቸው ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ሶፍትዌሩ መነካካቱም ይታያል። ስሞግ ያላለፈ መኪና ሰሌዳው አይታደስለትም። ሰሌዳው ያልታደሰ መኪና ደግሞ ኡበር አይሠራም። ጎረምሳው ለድምፅ ብሎ የነካካው ነገር የአባትን እንጀራ ይዘጋል ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ያገለገለ መኪና የምትገዙም ጆሯችሁን ክፈቱ። ሚኒሞ ላይ የሚንገጫገጭ ሞተር ሻጩ «ስፖርት ስለሆነ ነው» ቢላችሁ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት የቅርብ ጊዜ የስሞግ ወረቀት ጠይቁ። በካሊፎርኒያ ሕግ፣ ስሞግ የሚፈለግበት መኪና ሲሸጥ ወረቀቱን ማቅረብ በአብዛኛው የሻጩ ግዴታ ነው።

ታዲያ ልጁን ሙያውን ከልክሉት ማለታችን ነው? በጭራሽ! ይሄ አካባቢ የመኪና አገር ነው። ከፍሩትቬል ብዙ ሳይርቅ፣ ዛሬ ኢስትሞንት የገበያ ማዕከል ባለበት ቦታ፣ ከ1916 ጀምሮ የሸቭሮሌ ፋብሪካ ነበር። በኋላ ሥራው ወደ ፍሪሞንት ሄደ። እዚያ ጂኤምና ቶዮታ አብረው ኮሮላ ሠሩ፤ ዛሬ በዚያው ግቢ ካምሻፍት የሚባል ነገር የሌለው ቴስላ ይመረታል። አገራችንም ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ሙያው እያለፈ ነው፤ ስለዚህ የሚማር ልጅ ካለ አሁን ይማር። ግን ከ1975 በፊት በተሠራ፣ ቤት በሚቆም መኪና ላይ ይማር። የምትሠሩባትን ፕሪየስ ይተዋት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቮልስ ወይም ላዳ ቫልቭ ያስተካከላችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ጻፉልን፤ ልጅ ላለው ወዳጃችሁም አጋሩት። በሰላም ንዱ፣ ቸር እንሰንብት!