ከላሊበላ እስከ መቀሌ፤ በሰማይና በምድር

ካርታ ዘርግቶ ከላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ መቀሌው አሉላ አባ ነጋ ማረፊያ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር ሰው፣ ርቀቱን 175 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ያገኘዋል። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ለሚበር አይሮፕላን ይህ የ21 ደቂቃ መንገድ ነው፤ መነሻውና ማረፊያው ሲታከልበት ግማሽ ሰዓት ያህል ይሆናል።

መስመሩ የሚያልፈው ከሰቆጣ በስተ ምሥራቅ፣ በዋግ ኽምራ ደጋ በኩል ነው። የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ ከላሊበላው ማረፊያ በቀጥታ ቢለካ ከ75 ኪሎ ሜትር አትርቅም፤ ለአይሮፕላኑ 9 ደቂቃ መሆኑ ነው። የተቀዳ ቡና እንኳ ተጠጥቶ አያልቅም።

የሰቆጣ ሰው ግን ክንፍ የለውምና፣ ገደሉን እየዞረ፣ ዳገቱን እየወጣ፣ ቁልቁለቱን እየወረደ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በምድር ይጓዛል። እህሉም መድኃኒቱም የሚመጣለት በዚሁ መንገድ ነው። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ የአገር ርቀት በሰማይ መስመር ብቻ አይለካም። የታመመ ልጅ ላዘለች እናት ሩቁንና ቅርቡን የሚለየው የምድሩ መንገድ ነው።