ከዲግሪው ሌላ ለሥራ ስለሚያበቃ ችሎታ

ቀጣሪ የዲግሪውን ወረቀት ካየ በኋላ የሚመለከተው የሰውየውን አነጋገር፥ አደማመጥና ከሌላው ጋር ተስማምቶ የመሥራት ችሎታ ነው። ይህም በሌክቸር ብቻ የሚገኝ አይደለም።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ የተመደቡት በአስተማሪነት ነው። ወጣቱ ከዳይሬክተሩ ጋር መግባባት፥ በማያውቀው አገር ከጎረቤት ጋር መኖር፥ ይልቁንም የሚያውቀውን ለማያውቅ ማስረዳት ነበረበት። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ነገሩን ራሱ ያልተረዳ አስተማሪ በልጆች ፊት ወዲያው ይታወቅበታልና። (የፈተና ወረቀት ግን እንደ ልጆች አይስቅም።) አገልግሎቱ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቀረ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ፈተናው በኮምፒውተር ከቀረቡ መልሶች አንዱን የሚያስመርጥ ስለሆነ፥ የተማሩትን ይመዝናል እንጂ ለሌላ ሰው የማስረዳትን ችሎታ አይለካም። እንግዲህ ልምምዱ የሚቀረው ለክፍላችን ነው። በክፍላችን ግን የቡድን ሥራ ሲሰጥ አንዱ ይጽፋል፥ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ፤ ማርኩም ለሁሉም እኩል ይሆናል። ጸሓፊው ማስረዳትን፥ የቀሩትም መጠየቅን ሳይማሩ ሴሚስተሩ ያልቃል።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉን ሲቀበሉ እያንዳንዱን አባል ባልደረባው ስለ ጻፈው ክፍል በቃል ይጠይቁት፥ ማርኩንም በመልሱ ይስጡት። ለአምስት ሰው ቡድን ሩብ ሰዓት ይበቃል።