በመስኖ ቦይ ዳር የብየዳ መኪናን ያለአደጋ ስለመጠቀም

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመራዊ ከተማ አቅራቢያ፣ የግልገል ዓባይ ገባር የሆነው የቆጋ ወንዝ ተገድቦ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታቅዶ የተሠራ መሆኑ ይታወቃል። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የመያዝ አቅም አለው። ውሃው በዋናው ቦይ ይመጣና ሌሊት በማደሪያ ኩሬዎች ተጠራቅሞ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ቦዮች በኩል ለገበሬው ይከፋፈላል። በየመከፋፈያው ላይ ውሃውን የሚለቁና የሚዘጉ የብረት በሮች ይገኛሉ። ከነዚህ አንዱ ሲዝግ ወይም ማንሻው ሲሰበር፣ በላይ በኩል ያለው ማሳ ሲጥለቀለቅ በታች ያለው ይደርቃል፤ ጎረቤትም ከጎረቤት ይጣላል። ስለዚህ ማኅበሩ በያጅ ይጠራል። የሚጠራውም ብዙውን ጊዜ ስንዴውና ሽንኩርቱ ውሃ በሚጠይቅበት ወር፣ ቦዩ ሞልቶ በሚሄድበት ቀን ነው።

አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ብየዳ ደረቅ ቦታ የሚፈልግ ሥራ ሲሆን የቦይ በር ግን ያለው እርጥብ ቦታ ላይ ነው። በመሆኑም ከሁሉ አስቀድሞ ልንመክር የምንፈልገው፣ በሩ ከመቀመጫው ሊፈታ የሚችል ከሆነ ተፈትቶ ወደ ደረቅ ቦታ እንዲወሰድ ነው። ብሎኖቹን ለመፍታት ግማሽ ቀን ቢፈጅ እንኳ በያጁን ወደ ቦዩ ከማውረድ ይሻላል።

ስለ ሁለቱ የብየዳ ዓይነቶች

በየማኅበሩ ዎርክሾፕ የሚገኘው የተለመደው ብየዳ በኤሌክትሮድ የሚሠራው ነው። ኤሌክትሮዱ ራሱ እየቀለጠ ብረቱን ይሞላል፤ ሽፋኑም እየተቃጠለ የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከላከል ጋዝና ቅርፊት ይሰጣል። ሁለተኛው ቲግ የሚባለው ነው። በዚህኛው ቅስቱ የሚነሣው ከማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግ ሲሆን፣ ብረቱን ከአየር የሚከላከለው ከሲሊንደር የሚመጣ አርገን ጋዝ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ኢንቨርተር የሚባሉት ቀላል መኪናዎች ሁለቱንም ይሠራሉ።

ቲግ ስስና ንጹሕ ሥራ ይሠራል። ለማይዝግ የወተት ዕቃና ለፓምፕ ክፍሎች መልካም ነው። አሉሚኒየም ለመበየድ ግን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መኪና ስለሚያስፈልግ፣ ቀጥተኛ ብቻ የሚሰጠው ርካሽ መኪና ለአሉሚኒየም የወተት ዕቃ አይሆንም። ሜዳ ላይ ደግሞ ትንሽ ነፋስ እንኳ ጋዙን ስለሚበትነው ብየዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ለቦይ በር ጥገና ብሎ የቲግ መኪና ለመግዛት ያሰበ ማኅበር ቢኖር፣ ገንዘቡን በጥሩ ገመድ፣ በቆዳ ጓንትና በደረቅ ኤሌክትሮድ ላይ ቢያውለው እንመርጣለን።

ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ

የብየዳ መኪና ከመስመር 220 ቮልት ተቀብሎ፣ አነስተኛ ቮልትና ከፍተኛ አምፔር ይሰጣል። ቅስቱ ሳይነሣ በኤሌክትሮዱ መያዣ ላይ የሚገኘው ቮልት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 90 ነው። ቅስቱ ሲነሣ ወደ 20 ወይም 30 ይወርዳል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በያጁ ይበልጥ የሚሠጋበት ጊዜ እሳቱ ሲበራ ሳይሆን እሳቱ ጠፍቶ ኤሌክትሮድ ሲቀይር ነው። የደረቀ ቆዳ ይህን ቮልት በመጠኑ ይቋቋማል፤ በላብ ወይም በውሃ የራሰ ቆዳ ግን አይቋቋምም። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከቀጥተኛው የበለጠ አደገኛ ስለሆነ፣ ምርጫ ካለ እርጥበት ባለበት አካባቢ በቀጥተኛው መሥራት ይገባል።

ብዙዎች የላስቲክ ቦት ጫማ ካደረጉ የዳኑ ይመስላቸዋል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የብየዳው ኤሌክትሪክ የሚሄደው ከኤሌክትሮዱ ወደሚበየደው ብረትና በመመለሻው ገመድ በኩል ወደ መኪናው ነው። ሸሚዙ የራሰ ሰው በሩን ተደግፎ በእርጥብ ጓንት ኤሌክትሮድ ቢቀይር፣ መሬት ባይነካም ራሱ የመንገዱ አካል ሆኗል። ስለዚህ ደረቅ ጓንት፣ ደረቅ ልብስና ከሰውየው በታች የሚነጠፍ ደረቅ ሳንቃ አብረው መኖር አለባቸው። በሩ ሊፈታ የማይችል ከሆነ ከበላይ ያለው በር ተዘግቶ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ቦታው እስኪደርቅ ይጠበቅ። መኪናው ከቦዩ ውጪ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ፤ ማጥፊያው አጠገብም አንድ ረዳት ይቁም።

የመመለሻው ገመድ መያዣ ለሚበየደው ቦታ ቅርብ ሆኖ፣ ቀለሙና ዝገቱ በተፋቀ ብረት ላይ ይታሠር። ከሩቅ ከታሠረ ኤሌክትሪኩ በማንሻው ጥርስ ወይም በኩሽኔታ በኩል አልፎ ያበላሸዋል። ትራክተር ላይ ሲበየድ ደግሞ አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይፈታ። ለመኪናው መሬት ያልተገናኘ ባለሁለት ቀዳዳ ሶኬት መጠቀም ክልክል መሆን አለበት፤ በየመጋዘኑ የምናየው ግን ይህንኑ ነው።

በጄኔሬተር ለሚሠሩ አንድ ነገር እናክል። ቆጋ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በወረቀቱ ላይ በቂ የሚመስለው ጄኔሬተር ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ የሚያስፈልገውን ከ90 እስከ 130 አምፔር ላይሰጥ ይችላል። በያጁም መኪናው ተበላሸ ብሎ መክፈት ይጀምራል። ባይከፍተው ይሻላል፤ በኢንቨርተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው ከመንካት በፊት ማጥፊያው ይዘጋ። ካልተነፈሰ ወዲያውኑ ደረቱን መጫንና ትንፋሽ መስጠት ተጀምሮ፣ ሌላው ሰው ወደ ጤና ተቋም ይላክ።

ጉድጓድ ውስጥ ስለሚከማች ጋዝ

አርገን መርዝ አይደለም፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ነገር ግን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። በበሩ መቀመጫ ጉድጓድ ወይም በፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ በቲግ ሲሠራ፣ ወይም ቱቦው ሲያፈስ ቢያድር፣ ጋዙ ከታች ተኝቶ ኦክሲጅኑን ያስወጣል። የወረደው ሰው መታፈኑን ሳያውቅ ይወድቃል። ሊያወጣው ተከትሎ የሚወርደው ወንድሙም አጠገቡ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት በጉድጓድ ውስጥ በቲግ እንዳይሠራ እንመክራለን። በኤሌክትሮድም ቢሆን አየር በማራገቢያ ሳይነፋና ከላይ ገመድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር አይወረድ። ኦክሲጅን ከሲሊንደር ለቆ ጉድጓዱን ማናፈስ ግን ልብስን በአንዲት ብልጭታ ስለሚያነድ ፈጽሞ አይደረግ።

ሲሊንደሩ ቆሞ በሰንሰለት ይታሠር፤ ሲጓጓዝ መቆጣጠሪያው ተፈትቶ ቆቡ ይጠበቅ። መክፈቻው በጋዝ ቁልፍ ብቻ የሚሠራው ቀላል የቲግ መያዣ፣ መኪናው እስከበራ ድረስ ጫፉ ኤሌክትሪክ አለው፤ በብረት ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ አይገባም። ቀይ ቀለም የተቀባው ተንግስተን ቶሪየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ስላለው ሲሳል ብናኙ መተንፈስ የለበትም። ላንታነም ያለበትን መግዛት ይቀላል።

ስለ በርሜልና ስለ ጭስ

ማኅበራት ከሚያመጧቸው ሥራዎች ሁሉ የምንፈራው ባዶ በርሜልን ነው። ናፍጣ ወይም ቤንዚን የነበረበት በርሜል ባዶ የሚባለው ለዓይን ብቻ ነው፤ የቀረው ትነት በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃም ሲሞቅ መርዙን በጭስ መልክ ይሰጣል። ሁለቱንም አለመበየድ ነው። ክሎሪን ባለበት ማጽጃ የታጠበ ብረት ከቅስቱ አጠገብ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ብረት በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይድረቅ። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በዚያው ማታ ወባ የሚመስል ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስከትላል። ለወባ ተመርምሮ ያልተገኘበትን በያጅ በቀን ምን ሲበይድ እንደዋለ መጠየቅ ተገቢ ነው። መፍትሔው ዚንኩን ከመበየዱ በፊት ፍቆ ማስወገድና ነፋስ ከጀርባ እንዲመጣ አድርጎ መቆም ነው።

የዓይን ጉዳትም እንዲሁ ዘግይቶ ይመጣል። ቀን ቅስቱን ያየ ሰው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ሌሊት ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለዋል። ድንች ወይም ወተት ማድረግ ለበሽታ ይዳርጋል እንጂ አያድንም፤ ዓይንን ሸፍኖ ጨለማ ቦታ ማረፍና በማግሥቱ ካልተሻለ መታከም ነው። ለበያጁ ቁጥሩ ከ10 እስከ 12 የሆነ መስተዋት ያስፈልጋል። በቦይ ዳር ተሰብስበው ለሚያዩት ሕፃናት ግን መስተዋት ስለማይበቃ፣ ሥራው በሸራ ወይም በቆርቆሮ ይከለል።

ስለ ኤሌክትሮድ አቀማመጥና ስለ ጥገና ጊዜ

ክረምቱ ኤሌክትሮድን ያበላሻል። ኢ 7018 የሚባለው እርጥበት ከሳበ ብየዳው ከውስጥ ስለሚሰነጠቅ፣ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሞቅ ምድጃ ካልደረቀ የውሃ ጫና በሚያርፍበት በር ላይ አይዋል። ኢ 6013 ያን ያህል አያስቸግርም፤ ለተራ ጥገናም ይበቃል። ምድጃ የሌለው ማኅበር በእርሱ ቢሠራ ይሻላል።

የብረታ ብረት ሙያ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የብረታ ብረትና የእርሻ ሜካኒክስ ትምህርት ይሰጥ ነበር። የሚጎድለው ባለሙያ ከመሆኑ ይልቅ ጊዜ ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት፣ መስኖው ሳይለቀቅ፣ ከውሃ አባቶቹ ጋር ቦዩን ተከትሎ በሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ይዝጋ። የሚያስቸግሩት በኖራ ምልክት ይደረግባቸውና ተፈትተው በአንድ ሳምንት ይጠገኑ። የተበየደው ቦታ ቅርፊቱ ተወግዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ሳይደርቅ በሩ ወደ ውሃ አይመለስ።