አንዱን ክፍል በመጋረጃ

በጎፋ ገብርኤል አካባቢ አንዲት ክፍል ለሦስት የተከራዩ ተማሪዎች ቤታቸውን በመጋረጃ ይከፍላሉ፤ በአንድ ወገን አልጋው፥ በሌላው ወገን ቡታጋዙ ይሆናል። ክፍሏ አትሰፋም፤ ነገር ግን ሁሉ ቦታውን ስለሚይዝ ትበቃለች። ቲመክስ የሚባለው ፕሮግራም በተርሚናል ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኒኮላስ ማሪዮት የተባለ ሰው በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አወጣው፤ ከርሱ በፊት ግን ከ1987 ጀምሮ ስክሪን የተባለው ነበረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ኮንትሮልና ቢ አብረው ተጭነው ይለቀቃሉ። ቀጥሎ የፐርሰንት ምልክት ቢጻፍ መስኮቱ ግራና ቀኝ ይከፈላል፤ ድርብ የጥቅስ ምልክት ቢጻፍ ላይና ታች ይሆናል። ከዚያው መነሻ በኋላ ስፔስ ቢጫኑ አቀማመጡ በየተራ ይለዋወጣል፤ ይኸውም እኩል ዓምዶች፥ እኩል ረድፎች፥ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ፥ በግራ ሰፊ በቀኝ ጠባብ፥ ወይም እንደ ንጣፍ ድንጋይ የተደረደረ ነው። ዜድ ደግሞ አንዱን ክፍል ለጊዜው ሙሉ ገጽ ያደርገዋል፤ ሲደግሙት ይመለሳል።

ፕሮግራም ለሚጽፍ ተማሪ አራተኛው ይስማማዋል፤ በሰፊው ይጽፋል፥ በጠባቦቹ ስሕተቱንና ውጤቱን ይከታተላል። የሰፊው ወርድ ሳይነካ 80 ፊደል ነው፤ የሚበልጥ የፈለገ በቲመክስ የደንብ ፋይል ውስጥ ቍጥሩን ይለውጣል።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። ይህን የሚጽፈው ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን በሩቅ ሰርቨር ላይ ሲያስኬድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ የስድስት ሰዓት ስሌትም አብሮ ጠፋ። ቲመክስ በዚያው ሰርቨር ላይ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው ይቀጥል ነበር፤ በማግሥቱም «ቲመክስ አታች» ብሎ ማዘዝ ክፍሎቹን ሁሉ እንደነበሩ ያመጣቸው ነበር። በራስ ላፕቶፕ ላይ የተከፈተ ግን ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ራሱ ተነሥቶ እንደገና ቢጀምርም አቀማመጡ አይተርፍም። ስለዚህ መክፈያዎቹን ትእዛዞች በአንድ አጭር ስክሪፕት ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል።

እንግዲህ የመመረቂያ ሥራችሁን የጀመራችሁ ሁሉ፥ መብራት ሳይጠፋ ዛሬ ማታ ሞክሩት።