በጠገራ ብር ላይ ስለሚታዩት ነጥቦች

በእብናት ከአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት ባረፍን ጊዜ፤ ወላጅ እናቱ ከሙዳያቸው ሁለት ጠገራ ብር አውጥተው አሳዩን። አንደኛው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ሁለተኛው ግን ጠቁሮ፣ በጠርዙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ወጥቶበታል። የመጀመሪያውን በሎሚና በአመድ ፈትጎ ያነጣው ወዳጃችን ነው። ሁለተኛውንም ሊደግም ሲነሣ እጁን ያዝነው።

የነጣውን ጠገራ አጥብቆ ለተመለከተ ሰው ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ የማሪያ ትሬዛ ጠጉርና የጌጥዋ ዕንቁዎች ተፍቀዋል። ይህ ገንዘብ በየትም አገር ቢመታ የሚጻፍበት ዓመት ያው 1780 እ.ኤ.አ. ነው። ቪየናም መትታዋለች፤ ሮማም ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን መትታዋለች፤ ለንደንና ቦምቤይም እንዲሁ። ታዲያ የየትኛው አገር ምት እንደ ሆነ ዐዋቂ የሚለየው በእነዚሁ ጥቃቅን ምልክቶች ስለ ሆነ፤ አመዱ የፋቀው እድፍ ብቻ አይደለም።

ጥቁረቱ ሕመም አይደለም። ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ብሩ በጢስና በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲዋሐድ ስስ ጥቁር ቆዳ ያወጣል፤ ይህን መተው ነው። አረንጓዴው ግን የመዳቡ ነው፤ ላብ፣ ጨውና ቅቤ ያመጡታል። ፒቪሲ በሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የከረመ ገንዘብም የሚያጣብቅ አረንጓዴ ያወጣል፤ ይህንን ከእሳት ርቆ፣ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ሳይፈትጉ ማውጣት ይቻላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሌላ ነገር ስለሚቀላቀልበት አይሆንም። በነሐስ ገንዘብ ላይ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ከታየ ግን ጨው በልቶታልና፤ ከሌሎቹ ለይቶ በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

እድፍ የሚመስል ሁሉም እድፍ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት በአንዳንድ የብርና የነሐስ ገንዘባቸው ላይ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ዛሬ ከዝገቱ መካከል ቢጫ ነጥብ ሆኖ የሚታየውን ያን ወርቅ በሎሚ የሚፈትግ ሰው ምን እንደሚያጠፋ አያውቅም።

ወደ እብናቱ ጠገራ እንመለስ። አረንጓዴውን በብርሃን ብናየው ከሥሩ ጠጠር ያለ እብጠት አለ። እናቲቱን ብንጠይቃቸው ሣቁና፤

«ልጄ፣ እሱማ የማንጠልጠያው ነው። ስዳር ካንገቴ አስሬው ነበር። አንጥረኛው ነቅሎልኝ ሌሎቹን ሸጥኋቸው፤ ይኸ ልጅ ደብረ ታቦር ሲማር» አሉን።

ወዳጃችን ሎሚውን አስቀመጠ። የብየዳ ፍርፋሪ ያለበት ጠገራ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ዝቅ እንደሚል አልደበቅናቸውም፤ እርሳቸውም የሚሸጥ አለመሆኑን ነገሩን። በደረቅ ወረቀት ጠቅልለን ወደ ሙዳዩ መለስነው።